የእማሆይ ፒያኖ በጌዶ መንገድ

ከአምቦ ወደ ጌዶ ስጓዝ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ እከፍታለሁ። ግራ እጃቸው ምቱን በእርጋታ ይይዛል፤ ቀኙ ግን እንደ ልቡ ነው፤ ይዘገያል፣ ይሮጣል፣ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። ብሉዝ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የምሰማው በካይሮ የተማሩትን ክላሲካል፣ የያሬድን ዜማና ትዝታን በአንድ ትንፋሽ ነው። ደግሞስ በግሸን ማርያም በምንኩስና ያሳለፉት ዝምታ የት ይሄዳል? በእያንዳንዱ ድምፅ መሀል አለ።

የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን ታተመ፤ ገቢውንም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሰጡ። በ2006 ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ለዓለም አደረሳቸው። በ2023 በኢየሩሳሌም አረፉ።

ጌዶ ስደርስ ዜማው ካላለቀ ከመኪናው አልወርድም።