ሰባ አንድ በመቶ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ስላለው የቤት ውስጥ ጥቃት የሚያወራ ጽሑፍ ወይም የሥልጠና ስላይድ ያየ ሰው አንድ ቁጥር ሳያጋጥመው አይቀርም፤ 71 በመቶ። “ከአሥር ኢትዮጵያውያን ሴቶች ሰባቱ በባላቸው ወይም በፍቅር ጓደኛቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል” ይባላል። አንዳንዱ ደንግጦ ለሌላው ያጋራዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ “ኧረ ፈረንጅ የፈጠረው ነው” ብሎ ያልፈዋል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከቡታጅራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ትልቅ ሪፖርት አወጣ። በ10 አገሮች፣ በ15 ቦታዎች፣ ከ24 ሺህ በላይ ሴቶች ተጠይቀውበታል። ዝቅተኛው ውጤት የጃፓን ነበር፣ 15 በመቶ። ከፍተኛው የእኛ፣ 71 በመቶ። ሰንጠረዡን ቀረብ ብሎ ላየው ግን “ኢትዮጵያ” ብቻ አይደለም የሚለው፤ “ኢትዮጵያ፣ ክፍለ ሀገር” ነው። የጃፓኑም “ጃፓን፣ ከተማ” ነው፤ ከተማዋም ዮኮሃማ ናት። ማለትም ከተነጻጸሩት አንዷ የወደብ ከተማ ስትሆን ሌላዋ በአብዛኛው የገጠር ቀበሌዎች ናት። አንባቢ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለውን ቃል ጣለው፣ የቡታጅራ ዙሪያ ገጠርም በአንድ ጊዜ አገር ሆነ።

እኔ ሙግቴ ከቁጥሩ ጋር አይደለም። እንዲያውም ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኳቸው ቁጥሮች ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራው ይኼ ይመስለኛል። ሙግቴ ከተለጠፈበት ስም ጋር ነው።

ለምን ቡታጅራ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አንድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ይዘው ነበር። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው ቤቱን ሁሉ መዘገቡ። ከዚያ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ፣ ማን መጣ እያሉ ቤት ለቤት እየዞሩ መዝገቡን ያድሱ ጀመር። ለስታትስቲክስ ሰው እንዲህ ያለ ሕያው መዝገብ ወርቅ ነው። ናሙና የሚወጣው ከዝርዝር ነውና፣ ዝርዝሩ ካረጀ ናሙናውም አብሮ ያረጃል። ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 3,016 ሴቶች የተመረጡት ከዚህ መዝገብ ነው፤ ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ፣ በዕጣ።

ቀጥሎ አጠያየቁ አለ። ጥናቱ ለአካባቢው ሰው የቀረበው “የሴቶች ጤናና የሕይወት ገጠመኝ” በሚል ስም ነው። ባልየው እውነተኛውን ርዕስ ቢያውቅ ጠያቂዋ ከሄደች በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጠያቂዎቹ የሠለጠኑ ሴቶች ነበሩ፣ የሚጠይቁትም ለብቻ ነው። “ጥቃት ደርሶብሽ ያውቃል?” የሚል ጥያቄ የለም። ጥቃት የቢሮ ቃል ነው፤ እቤት ውስጥ ያለችው ሴት ያንን “ጥቃት” ላትለው ትችላለች። የሚጠየቀው ድርጊቱ ነው። በጥፊ መቶሽ ያውቃል? ገፍትሮሽስ? በቡጢ? ረግጦሽ፣ ጎትቶሽ? አንቆሽ? ከእነዚህ ወይም ከወሲባዊ ጥያቄዎቹ አንዱን እንኳ በሕይወቷ አንድ ጊዜ “አዎ” ያለች ከ71ዱ ውስጥ ገባች።

አጠያየቅ ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳይ አንድ ነገር እዚያው ሪፖርት ውስጥ አለ። ከ15 ዓመታቸው በፊት ወሲባዊ በደል ደርሶባቸው እንደሆነ ፊት ለፊት ሲጠየቁ፣ አዎ ያሉት የቡታጅራ ሴቶች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። በመጨረሻ ግን የሚስቅና የሚያዝን ፊት የተሳለበት ካርድ ተሰጣቸው፤ ጠያቂዋ ሳታይ ምልክት አድርገው እንዲመልሱ። አሁን ወደ 7 በመቶ ሆነ። ሴቶቹ እነዚያው ናቸው፣ ቀኑም ያው ቀን ነው። የተለወጠው አፍ አውጥቶ መናገር ቀርቶ ብዕር መያዙ ብቻ ነው። እንግዲህ “ትክክለኛው ቁጥር የቱ ነው?” ከማለት በፊት “በምን በኩል ተጠየቀ?” ማለት ይሻላል።

ሌላውን ቁጥር እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ውስጥ ጥቃት ጥያቄዎችን አካቶ ነበር። ውጤቱ አካላዊ፣ ወሲባዊና ስሜታዊ ጥቃት ተደምሮ 34 በመቶ ሆነ። ታዲያ በ14 ዓመት ግድም ውስጥ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው? እንደዚያ ብሎ ማንበብ ያጓጓል፤ ግን አይሆንም። የ2016ቱ የሚጠይቀው ስለ አሁኑ ወይም ስለ መጨረሻው ባል ነው፤ የቡታጅራው በሕይወቷ ስላለፈ ማንኛውም አጋር። የ2016ቱ በጉልበት ወይም በማስፈራራት ስለተፈጸመ ወሲብ ይጠይቃል። የቡታጅራው ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦ ሳትፈልጊ፣ እምቢ ብል ምን ያደርገኝ ይሆን ብለሽ ፈርተሽ አድርገሽ ታውቂያለሽ? እዚህ ጥያቄ ውስጥ ባልየው አንድ ቃል አልተናገረም፣ እጁንም አላነሳም። ፍርሃቱ ቀድሞ ገብቷል። ይህንን የማይጠይቅ መጠይቅ ይህችን ሴት አያያትም።

የ2016ቱ ጥናት በአንድ ነገር ይበልጣል፤ አገሩን ሁሉ ይወክላል። ነገር ግን ናሙናው የወጣው በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከተከለሉት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነው። በዚያ ቆጠራ ቡታጅራ 33,406፣ ወልቂጤ 28,866 ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ እየተራዘመ ቀርቷል። በዚህ መሃል ዞኑ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዋና ከተማ ሆናለች፣ ወልቂጤ በጉራጌ ዞን ቀርታለች። ስለዚህ በእጃችን ያለው ጠባብ ግን ጥልቅ የሆነ ቁጥርና ሰፊ ግን ባረጀ ዝርዝር ላይ የቆመ ቁጥር ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የቡታጅራውን አንስቶ ለወልቂጤ እንኳ ማልበስ ካልተቻለ፣ ለአፋርና ለጎንደር እንዴት ይሆናል?

በወልቂጤ በኩል ያለው የሰባት ቤት ጉራጌ የቃቄ ውርድወትን ታሪክ ያወርሳል፤ ሴት ባሏን የመፍታት መብት ይኑራት ብላ የጆካ ሸንጎ ፊት የቆመች ሴት። የአንዲት ሴት ድምፅ በስሟ ሲጠራ እስከ ዛሬ ቆየ። የ3,016ቱ ሴቶች ስም ግን መጠበቅ ስላለበት አይጠራም፤ የቀረላቸው አካባቢያቸው ብቻ ነበር። “ኢትዮጵያ” ስንላቸው እሱንም እንወስድባቸዋለን። “ውሸት ነው” ያለው ሰውዬም በዚህ ስም የተነሳ ግማሽ ምክንያት ያገኛል፤ “የእኔ አገር እንደዚህ አይደለም” ይላል፣ የተናገሩትን ሴቶችም ሳይሰማ ያልፋል።

በበኩሌ ከ71 ይልቅ የሚከብደኝ በዚያው ሰንጠረዥ፣ ከጎኑ ያለው አምድ ነው። 71 ዕድሜ ልክን ይደምራል፤ የ45 ዓመቷ ሴት የሃያ ዓመት ቁስልና የአዲሷ ሙሽራ ጥፊ አብረው ይቆጠራሉ። ጎኑ ያለው 54 ግን ከመጠየቃቸው በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ብቻ የሆነውን ነው የሚለው። ለውጥ መኖር አለመኖሩንም የሚነግረን እሱ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወደ ኋላ አይቀንስም፣ ያለፈው ዓመት ግን ይቀንሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ያንኑ መጠይቅ ይዞ፣ ሴት ጠያቂ ልኮ፣ በር ዘግቶ፣ በእነዚያው ቀበሌዎች እንደገና መጠየቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥሩን የምትጠቅሱ ሁሉ ከ71 ቀጥሎ አንድ ቃል ጨምሩ፤ ቡታጅራ።