የሐይቁ ዳር ለማን ነው?

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ዊልያም ዎርድስዎርዝ ስለ ትውልድ አገሩ ሐይቆች የጻፈው የመንገደኞች መምሪያ ያማረ መጽሐፍ ነው። ቤትን ነጭ ቀለም መቀባት እንኳ የተራራውን መልክ እንደሚያበላሽ ሲያስረዳ አንባቢውን ያሳምናል። ያንንም አገር የሕዝብ ሁሉ ሀብት አድርጎ ይቈጥረዋል።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም. የምድር ባቡር እስከ ዊንደርሚር ሐይቅ አጠገብ ሊዘረጋ ሲታሰብ ይኸው ሰው በጋዜጣ ተቃወመ። ከምክንያቶቹም አንዱ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ውበት ለማየት ዓይኑ ገና አልሠለጠነም የሚል ነበር። ጫጫታውን መጥላቱን አልነቅፍበትም፤ እኔም ብሆን እጠላው ነበር። በድኻ ዓይን ላይ መፍረዱ ግን መጽሐፉን ራሱን ሐሰተኛ ያደርግበታል። «የሁሉ ነው» ያለውን መልሶ ለጥቂቶች ሰጠው።

መልሱ የመጣው እሱ ከሞተ ከ52 ዓመት በኋላ ነው። በ1902 ዓ.ም. በደርወንትወተር ሐይቅ ዳር ያለውን የብራንድልሃውን ደን ለመግዛት፣ እነ ኦክታቪያ ሂልና ቄስ ሮንስሊ በ1895 ዓ.ም. ያቋቋሙት ናሽናል ትረስት የሚባለው ማኅበር ከሕዝብ ገንዘብ ለመነ። ከሰጡትም መካከል ከፋብሪካ ከተሞች ጥቂት ጥቂት ሽልንግ የላኩ ሠራተኞች ነበሩበት። ደኑም ተገዛ፤ ዳሩ እስከ ዛሬ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት ነው።