ስለ ነርሲስ ናልባንዲያን የሙዚቃ ሥራ ጥቂት ማስተዋል

የአንድን የሙዚቃ ሰው ሥራ ሊመዝን የሚነሣ ሐያሲ ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛኑን ከየት እንዳመጣው ሊጠየቅ ይገባዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምበትን ሚዛን ያገኘነው ከአዲስ አበባ አዳራሾች ሳይሆን ከምዕራቡ የአገራችን ጠረፍ፥ ከአብደራፊ ነው። ይህ አንዳንዱን አንባቢ ያስደንቀው ይሆናል። ነገር ግን በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ አብደራፊ ቈላ የወረደ ሰው ምክንያታችንን ያውቅልናል። ከጐጃም፥ ከጐንደር ደጋ፥ ከወሎ ለሥራ የወረደው ሰው ሁሉ የአገሩን ዜማ በአንደበቱ ይዞ ይመጣል፤ ከድንበሩ ማዶም የሱዳን ዘፈን ይሰማል፤ እርሱም እንደኛው ዜማ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ለጆሮ ባዕድ አይሆንም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዜማ የሚጠየቀው የመጣበትን አገር ሳይሆን የሰሚውን ልብ መንካት አለመንካቱን ነው።

ነርሲስ ናልባንዲያንም በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ የሚገባቸው ሰው ናቸው። የአርመን ተወላጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1907 ዓ.ም. በአይንታብ ከተማ ነው። ወደ አገራችን የገቡት በጠላት ወረራ ዘመን ሲሆን፥ መንገዱን አስቀድመው የጠረጉላቸው አጐታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ባስመጡ ጊዜ፥ የእነዚህ የናስ መሣሪያ ተጫዋቾች መሪ የሆኑት ኬቮርክ ነበሩ፤ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ ሲዘመር የኖረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱም እርሳቸው ናቸው።

ነርሲስ ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ኦርኬስትራ መሩ፤ የክብር ዘበኛን ሙዚቀኞች አስተማሩ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የሙዚቃ ሥራ ላይ ብዙ ደከሙ። መሪም፥ ደራሲም፥ አቀናባሪም፥ የመዘምራን አሠልጣኝም፥ መምህርም ነበሩ። ሕይወታቸው ያለፈው በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። አንዳንዶች፥ የአገራችንን ዜማ በውጭ አገር የናስ መሣሪያ መጫወት ዜማውን ማበላሸት ነው ይላሉ። ይህ አሳብ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ትዝታ የሚባለውን ቅኝት እንውሰድ። አምስቱ ድምፆች ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ናቸው። በአውሮፓውያን ሥርዓት ሦስት ሦስት ድምፅ አጣምሮ ማስማማት የፈለገ ሰው ከእነዚህ የሚያገኘው ሁለት ጥምር ብቻ ነው፤ ዶ-ሚ-ሶልና ላ-ዶ-ሚ። ሌላ ጥምር ቢያሻው ፋን ወይም ሲን ከውጭ ማምጣት ግድ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። በአንቺ ሆዬ ደግሞ ሁለት ጠባብ እርከኖች ስላሉ ችግሩ የባሰ ነው። የነርሲስ ዋና ቁም ነገር እንግዲህ ይህን ችግር አይተው አለመሸሻቸው ነው። የአውሮፓን ዘፈን እንዳለ አስጠንቶ ማስጨብጨብ ይቻላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የኢትዮጵያን ቅኝት በብዙ መሣሪያ ማናገር የዕድሜ ልክ ሥራቸው አደረጉት።

ድምፅን ለብዙ ሰው ማካፈል ከቶ ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው ሲቆሙ እያንዳንዱ የሚያሰማው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው አንዱ የሌላውን ጊዜ ሲጠብቅ ነው። ስለዚህ የናሱ ጓድ ባዕድ ልማድ አመጣብን ከማለት ይልቅ፥ የቀድሞ ልማዳችን አዲስ መሣሪያ አገኘ ማለት ወደ እውነት የቀረበ ይመስለናል።

ሆኖም ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። በዚያ ዘመን በነበሩት ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ዘንድ፥ የነርሲስም ጓዶች ሳይቀሩ፥ ብዙ ነፊ በአንድነት ሲነሣ ዘፋኙ እንደ ልቡ የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ በልክ ይቈረጣል፤ ማሲንቆ በሁለት እርከን መካከል የምታገኘው ረቂቅ ድምፅም ይጠፋል። በእኛ አስተያየት ከናስ መሣሪያዎች ወገን ለዚህ መድኃኒት የሚሆነው ትሮምቦን ነበር። ጥሩምባ በመክደኛው የታሰረ ነው፤ ትሮምቦን ግን በሚሳበው ክንዱ በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ስፍራ ሁሉ ስለሚደርስበት፥ እንደ ሰው ጉሮሮና እንደ ማሲንቆ መንሸራተት ይችላል። አቀናባሪዎቻችን ይህን መሣሪያ ለግርማና ለማጀቢያ ብቻ ከማቆም ይልቅ ለቅኝቱ አንደበት ቢያደርጉት ኖሮ፥ ማሲንቆና ናስ በተሻለ በተስማሙ ነበር። ይህም ዛሬም ላሉት ወጣቶች ክፍት የሆነ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የነርሲስ ሥራ ግን ማስተማራቸው ነው። ዘፈን ከዘፋኙ ጋር ያረጃል፤ ኖታ ማንበብ የተማረ ልጅ ግን ሌላውን ያስተምራል። በየጓዱ ያሠለጠኗቸው ሰዎች፥ በኋላ በዝና ከፍ ላሉት ሙዚቀኞች መሠረት ሆነዋል። ከሞቱ በኋላም ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ የጃዝ ጓድ ሥራዎቻቸውን አንሥቶ ተጫውቷል። የባሕር ማዶ ሰው ያነሣውን እኛ በየተማሪ ቤታችን ሳናስተምረው ብንቀር፥ ወቀሳው ወደ ማን ይሄዳል?

ነርሲስ የኢትዮጵያን ዜግነት አግኝተዋል፤ ቢሆንም ልማድ ሆኖ ዛሬም ስለ እርሳቸው ስናወራ እንግዳ ሰው እንደምናነሣ ሆነን እናወራለን። በአብደራፊ ሰሊጡን አብሮ ያጨደና እንጀራውን አብሮ የቈረሰ ሰው ለሁለተኛው ዓመት ሲመለስ ማንም እንግዳ አይለውም። ነርሲስ ግን በአገራችን ያጨዱት የአንድ ክረምት አዝመራ አልነበረም፤ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነው። በሐያስያን ዘንድ ስለ ቅንብራቸው ክርክሩ ይቀጥል፤ የማን ደራሲ ናቸው በሚለው ላይ ግን ከእንግዲህ ክርክር ሊኖር አይገባም እንላለን።