የፎስፎረስ እጥረትና የፕላንክቶን ቅባት፤ የሰርጋሶ ጥናት ለቆቃ ውሃ ምን ያህል ያገለግላል?

ሕይወት ያለው ሕዋስ ሁሉ ዙሪያውን የሚከልል ስስ የቅባት ሽፋን አለው። ይህም ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፎስፎረስ ካለበት ቅባት፣ ማለት ከፎስፎሊፒድ ነው። እንግዲህ ፎስፎረስ እጅግ ባነሰበት ውሃ ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር ፕላንክቶን ሽፋኑን በምን ይሠራል? ለዚህ ጥያቄ ቤንጃሚን ቫን ሙይና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እኛም የጥናቱን ጥንካሬና ወሰን መርምረን፣ ለቆቃ ግድብና ከቆቃ በታች ለሚወርደው አዋሽ ምን ያህል እንደሚያገለግል ለማመልከት እንወዳለን።

ተመራማሪዎቹ ያነጻጸሩት ሁለት ባሕሮችን ነው። በሰርጋሶ ባሕር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የተገኘው ፎስፌት ከ10 ናኖሞል በታች ነበር፤ በደቡብ ፓስፊክ ግን ከ100 ናኖሞል በላይ ነበር። የሰርጋሶው ፕላንክቶን ከውሃው ከሳበው ፎስፌት ለፎስፎሊፒድ መሥሪያ ያዋለው 1.3 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ የደቡብ ፓስፊኩ 17 በመቶ ያህሉን አውሏል። በፎስፎሊፒድ ፈንታ የሚገባው ድኝ ያለበት ሰልፎሊፒድ ነው፤ አንዳንድ ዋቅላሚዎች ደግሞ ናይትሮጂን ያለበትን የቤታይን ቅባት ይጨምራሉ። ድኝ በባሕር ውሃ ውስጥ የተትረፈረፈ ስለ ሆነ፣ ፍጥረቱ ብርቅ የሆነውን በሞላው ለወጠ ማለት ነው።

የጥናቱ ትልቁ ዋጋ ቅባቱ አለ ወይም የለም በማለት ብቻ አለመወሰኑ ነው። ጨረር የሚሰጥ ፎስፎረስ ተጠቅመው ቅባቱ የሚሠራበትን ፍጥነት ለክተዋል፤ በላቦራቶሪ ያሳደጓቸውም ዝርያዎች ፎስፎረስ ሲያጡ ሽፋናቸውን እንደሚለውጡ አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነቀፌታ ልናቀርብ እንደፍራለን። አንደኛ፣ ሁለቱ ባሕሮች የሚለያዩት በፎስፎረስ ብቻ አይደለም፤ የሚኖሩባቸውም ዝርያዎች አንድ አይደሉም። ስለዚህ በባሕሩ ላይ ከታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከሽፋን መለወጥ፣ ምን ያህሉ ከነዋሪው መለወጥ እንደ መጣ መለየት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ ብርሃን የማይመገቡት የባሕር ባክቴሪያዎች ይህ ችሎታ የሌላቸው መስሎታል። ነገር ግን በ2015 ፖል ካሪኒና ባልደረቦቹ ሳር 11 በተባለው የባክቴሪያ ወገን ላይ ይህንኑ ችሎታ አግኝተዋል። ከዚህም አንድ ግኝት ከተገኘበት ወሰን አልፎ ሲዘረጋ እንዴት እንደሚሰነካከል እንረዳለን።

አሁን ወደ ቆቃ እንመለስ። በ1960 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ የአዋሽንና የሞጆን ወንዝ ይቀበላል። ከእርሻ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ፣ የከተማና የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ አብሮ ይገባበታል። ውሃው በደለል የደፈረሰ በመሆኑ የዋቅላሚው ችግር ከፎስፎረስ ይልቅ ብርሃን ሊሆን ይችላል። ይህ ከሰርጋሶ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ጋር ምን ያህል ይራራቃል!

ከሁሉ በላይ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ነገር የሚከተለው ነው። በቆቃ ላይ የሚበዛው ማይክሮሲስቲስ ከሳያኖባክቴሪያ ወገን ነው። ሳያኖባክቴሪያ ደግሞ ሰልፎሊፒድን የሚሠራው ፎስፎረስ ሲቸግረው ብቻ ሳይሆን፣ ብርሃን በሚቀበልበት የውስጥ ሽፋኑ ዘወትር ይይዘዋል። እንግዲህ ከቆቃ አረንጓዴ አረፋ ቀድቶ ሰልፎሊፒድ ያገኘ ተማሪ የሰርጋሶን ጥናት ጠቅሶ «ውሃው ፎስፎረስ አጥቷል» ቢል መረጃው አይደግፈውም። ስሕተቱም በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ «እንግዲያስ የማዳበሪያው መታጠብ ምንም አይጎዳም» ወደሚል ምክር ይመራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የታተመው የኤቫ ቪለንና የባልደረቦቿ ጥናት ማይክሮሲስቲን የተባለውን የጉበት መርዝ በቆቃም ማግኘቱን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ ምክር ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ አይሰወረውም። የቆቃ ውሃ በወንጂ አልፎ መልካሳ ይደርሳልና፣ ነገሩ የሩቅ ባሕር ወሬ አይደለም።

የዘነበ ታደሰና የባልደረቦቹ ጥናት በ1998 የሐይቆቻችንን ቆሮሶ ስብ ዓሣው ከሚመገበው ዋቅላሚ ጋር አያይዞ መርምሯል፤ መልካም መንገድም ከፍቷል። ሆኖም የቅባት አሲዶች መለካት የቅባቱን ጅራት ያሳያል እንጂ፣ ፎስፎረስ ወይም ድኝ የሚቀመጥበትን ራሱን አያሳይም።

ስለዚህ ወደፊት በቆቃ ላይ የሚሠራ ተማሪ ሦስት ነገሮችን በአንድነት እንዲለካ እናሳስባለን፦ ሰልፎሊፒድ ከፎስፎሊፒድ ጋር ያለውን መጠን፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ፎስፌትና ናይትሮጂን፣ እንዲሁም ብርሃን እስከ ምን ጥልቀት እንደሚደርስ። ከዚያም ያንኑ ዋቅላሚ በጠርሙስ ለይቶ ፎስፎረስ ቢጨምርለትና ሽፋኑ ቢለወጥ፣ ያን ጊዜ ስለ እጥረት መናገር ይችላል። የሰርጋሶ ሰዎች ሊመሰገኑ የሚገባቸው ጥያቄውን ለገዛ ውሃቸው ስላቀረቡ ነው፤ እኛም ልንቀዳ የሚገባን መልሳቸውን ሳይሆን አጠያየቃቸውን ነው።