የግራ እጅ ሥራ

የአገራችንን ዜማ በፒያኖ መጫወት ቀላል የሚመስለው ቀኝ እጅን ብቻ ለሚያይ ሰው ነው። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው፤ ቁልፎቹን የለየ ተማሪ ትዝታን ለማውጣት ብዙ አይቸገርም። ጣጣው ያለው ግራ እጅ ላይ ነው።

አንቺሆዬን እንይ። ከዶ ስትነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናት። ተማሪዎቼ ዜማውን እንደያዙ ግራ እጃቸው ከመጽሐፍ የለመደውን ዶ-ሚ-ሶል ይመታል። ሚም ሶልም ቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ ወዲያው ይሻክራል፣ ተማሪውም ራሱ ይሰማውና ይተወዋል። ጎበዙ ግን ከቅኝቱ ሳይወጣ ፋ-ላ-ዶን ያገኛል። ይሄኛው ይብሳል፣ ያምራላ! ኮርዱ ሲደጋገም ጆሮ ፋን ማረፊያ ያደርገዋል። አንድም የተሳሳተ ቁልፍ ሳይነካ አንቺሆዬ ከእጁ ወጥታ የፋ ሜጀር ዘፈን ሆና ታርፋለች።

ያደግሁት ጎጃም፣ አምበር ነው። ፒያኖ አናውቅም፤ ማሲንቆ ግን ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ይመጣል፣ ዋሽንትም ከእረኞች እጅ አይጠፋም። አዝማሪው ሲዘፍን ማሲንቆው ኮርድ አይደረድርለትም። ያንኑ ዜማ ይዞ አብሮት ይሄዳል፤ አንዴ ቀደም፣ አንዴ ዘግየት ይላል፣ ድምፁ ሲያርፍ ክፍተቱን ይሞላል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፦ ግራ እጅ ዜማውን አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይከተል፣ ማረፊያው ላይ ዶን ብቻ ይያዝ። ፒያኖ እንደ ማሲንቆ ድምፅ ማንሸራተት አይችልም። ስለዚህ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ቁልፍ ነካ አድርጎ ማለፍ ነው፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ቅጂ የሰማ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። እማሆይ (1923–2023 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ድረስ ሄደው የአውሮፓን ሙዚቃ የተማሩ፣ ግሸን ማርያም ገዳም ዓመታት የኖሩ ናቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ሲታተም የአውሮፓውም የገዳሙም ትምህርት በጣታቸው ውስጥ ነበር።

የሙዚቃ ደራሲ ኦርኬስትራ ሲይዝ የግራ እጁ ጥያቄ ይሰፋል እንጂ አይለወጥም፤ ኦርኬስትራ ትልቅ ግራ እጅ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደው አሸናፊ ከበደ አሜሪካ፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ሲመለስ ደራሲ ብቻ ሆኖ መቀመጥ አልቻለም። ኖታ የሚያነብ ተጫዋች በሌለበት የጻፉትን ማን ይጫወተዋል? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነ፤ አስተማረ፣ ጻፈ፣ መራ። በ1967 እ.ኤ.አ. የሀንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ ሲመራ ካቀረባቸው የራሱ ድርሰቶች አንዱ «እረኛው ባለዋሽንት» ነው። ለኮንዳክተር ከዚህ የከበደ ፈተና አላውቅም። እረኛ ሲነፋ የሚቆጥረው ምት የለም፤ ሐረጉ የሚያልቀው ትንፋሹ ሲያልቅ ነው። በትሩን በቆጠራ የሚያወርድ መሪ ዋሽንቱን ያንቀዋል። ስለዚህ ቫዮሊኖቹን ይዞ፣ የነፊውን ደረት እያየ መጠበቅ አለበት። ይህን በኖታ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ማስጠበቅ ግን የመሪው እጅ ሥራ ነው።

ዛሬ ግርማ ይፍራሸዋ አለ። ከያሬድ ተነሥቶ ሶፍያ ድረስ የተማረ ፒያኒስት ነው፤ ሾፓንን በሚጫወትበት መድረክ የራሱን «አምባሰል»ም ያሰማል። ግራ እጁ ከኔ ምክር ይልቅ ብዙ ይናገራል፣ አንዳንድ ቦታም እኔ የማልደፍረውን ያህል የአውሮፓ ነው። አልከፋኝም፤ እያወቀ የሚያደርገው ነው።

አምበርም ሆነ ቢቸና ወይም ሞጣ ያለ ልጅ ፒያኖ ባለማግኘቱ ጊዜው አለፈብኝ አይበል። ግርማም የጀመረው በክራር ነው፤ ፒያኖ የነካው በ16 ዓመቱ ነው።