ዘይትና ውኃን የሚያገናኝ ጨው

ክሎሮኦክቴን ዘይታማ ፈሳሽ ነው፤ ሶዲየም ሳያናይድ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ጨው። አንድ ላይ አድርገው ቀኑን ሙሉ ቢያፈሏቸው ዘይቱ ከላይ፣ ውኃው ከታች እንደተኳረፉ ይውላሉ። አሜሪካዊው ኬሚስት ቻርልስ ስታርክስ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ግን አንድ በመቶ ገደማ የሚሆን ልዩ ጨው ሲጨመርበት፣ ያ እምቢተኛ ድብልቅ በጥቂት ሰዓታት ሥራውን ጨረሰ። ዘዴው ፋዝ ትራንስፈር ካታሊሲስ ይባላል።

ጨው ይባል እንጂ ኮሚሽን የማይጠይቅ ደላላ ነው። አወንታዊ ሙል ያለው አካሉ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ስላሉት ዘይት ውስጥ አይቸገርም። ሳያናይዱን ከውኃው ይዞ ይሻገራል፤ እዚያ በውኃ ሞለኪውሎች ያልተከበበው ሳያናይድ ክሎሪኑን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። ጨውም የተለቀቀውን ክሎራይድ ይዞ ይመለሳል፤ ደግሞ ሌላ ያመጣል።

ፖላንዳዊው ሚየቺስዋፍ ማኮሻም ቀደም ብሎ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ በተራ ኮስቲክ ሶዳ ተመሳሳይ ዘዴ እንደሚሠራ አሳይቷል። ለፋብሪካ ትርፉ እዚህ ላይ ነው፦ ውድ ማሟሟያና በኮስቲክ ሶዳ የሚተካው፣ እርጥበት የማይወደው ሶዲየም ሃይድራይድ በብዙ ሥራዎች ላይ ይቀራሉ። በእርግጥ በመጨረሻ ጨውን ከምርቱ መለየት ራስ ምታት ነው። ቢሆንም ለእኔ፣ በዚህ ትንሽ ወጪ ይህን ያህል የሚያግዝ ካታሊስት ጥቂት ነው።