የቴዎድሮስ ሹሩባና የእኛ ሣቅ

በዚህ ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ጓደኞቻችን ስለ አፄ ቴዎድሮስ ያዘጋጁትን አጭር ቴአትር አይተን ነበር። ስለ ድርሰቱም ሆነ ስለ ትወናው መባል ያለበትን ሌሎች ብለውታል፤ እኛ የምንናገረው ስለ ጠጉሩ ነው። አንባቢ «ኧረ ደግሞ በጠጉር ላይ ሂስ ይጻፋል?» ቢለን አንፈርድበትም። አዳራሹ ውስጥ ያ ሣቅ እስኪፈነዳ ድረስ እኛም አላሰብንበትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴዎድሮስን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ከጥቁር የሹራብ ክር የተጎነጎነ ሹሩባ ራሱ ላይ አጥልቆ ብቅ አለ። በሁለተኛው ትዕይንት ከመኳንንቱ ጋር ሲሟገት በቁጣ ዞር ቢል ሹሩባው አብሮት አልዞረም፤ አንዱ ጉንጉን ግንባሩ ላይ መጥቶ ተንጠለጠለ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ይህ በማንም መድረክ ላይ የሚደርስ አደጋ ነው። ተዋናዩን አንወቅስም፤ እንዲያውም ክሩን በእጁ መልሶ ንግግሩን ሳያቋርጥ መቀጠሉ ያስመሰግነዋል። እኛን የከነከነን በመጨረሻው ትዕይንት የሆነው ነው። ንጉሡ መቅደላ ላይ ሽጉጡን ሲያነሣ፣ ክሩም በደንብ ታስሮ ቦታው ላይ እያለ፣ ከኋላችን የተቀመጡት «ሹሩባህን ያዝ!» ብለው ጮኹና እንደገና ተሣቀ። አሁን የተሣቀበት ክሩ አልነበረም፤ ሹሩባ የተሠራ ወንድ ነው።

አጠገባችን ደግሞ ሹሩባ የተሠራ የክፍል ጓደኛችን ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሳምንት በፊት ለሥራ ልምምድ ወደ ተመደበበት መሥሪያ ቤት ሄዶ «ይህን ተቆርጠህ ና፤ እዚህ ዱርዬ አንቀበልም» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ነው። ከሰውየው ወንበር ጀርባ ግድግዳው ላይ የቴዎድሮስ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር አሉ! ይህን ሲያወራልን እሱ ራሱ ይሥቅ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን አልሣቀም።

እንግዲህ የእኛ ክስ ይኸ ነው፤ ስለ ቴዎድሮስ የሚጻፈውና የሚታየው ሁሉ ጠጉሩን ከሥዕሉ ላይ ይገለብጠዋል እንጂ አያነበውም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ጽፈውበታል፤ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ሰጥተውናል። የቃል ሀብት አላጣንም። ወደ መድረክ ሲወጣ ግን ሦስት ጉንጉን ክር ይበቃዋል እንላለን፤ ጉንጉኑ ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። በሕይወት ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ ስለዚህ መልኩን የምናውቀው ከሣሉት ሰዎች ነው፤ ከዚያ የተረፈንም ወደ ኋላ ተጎንጉኖ ማጅራቱ ላይ የወረደው ጠጉር ነው። ያንን ጠጉር ብታነሱት ብዙው ሰው ቴዎድሮስን አይለየውም።

በአገራችን ጠጉር ይነበብ ነበር። ሌላው ቀርቶ የማናውቀውን ሰው «ጠጉረ ልውጥ» ነው የምንለው፤ እንግድነቱን ከቋንቋውም ከልብሱም በፊት ከራሱ ላይ ያየ ሰው የፈጠረው ቃል መሆን አለበት። የሕፃኑ ራስ ተላጭቶ አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል፤ ምነው ቢባል፣ ቢሞት መልአክ በእሷ ይዞ ወደ ሰማይ እንዲያወጣው ነው ይባል ነበር። (ዛሬ ቁንጮ የምንለው ባለሥልጣኑን መሆኑ አንዳንዴ ያስቀናል፤ እሱንም በምን ይዞ የሚያወጣው እንደሚፈልግ እንጃ።) ያላገባች ልጃገረድ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ትተዋለች፤ ስታገባ ታሳድገዋለች። ሳዱላ የሚለው ስም ከጠጉሩ አልፎ የልጅቱ የራሷ መጠሪያ እስኪሆን ደርሷል። ሐዘን የከበዳት ሴት ትላጫለች። መንደሩ ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር፤ ማን ልጅ ነው፣ ማን ለጋብቻ ደርሳለች፣ ማን ሰው ሞቶባታል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የጦረኛው ነው። የገደለ ጀግና፣ ሰውም ይሁን አውሬ፣ ጠጉሩን ሹሩባ ተሠርቶ ወይም አጎፍሮ፣ ለጋ ቅቤ ተቀብቶ በአደባባይ ይታያል፤ በፉከራ በቃሉ የሚያሰማውን ራሱ ላይም ያሳያል። ጎፈሬ ከአንበሳው ጎፈር ጋር ዘመድ መሆኑን ለመረዳት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም። እና እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። «ሹሩባ የጀግና ነበር» ብለን ጓደኛችንን ለመከላከል ስንነሣ ግማሹን ነው የምንናገረው። ጀግና ማለት እዚያ ዘንድ ገዳይ ማለት ነው፤ የተገደለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎረቤት አገር ሰው፣ አንዳንዴም የእኛው ወገን ነው። ያን ቅቤ ያጠጣው ጠጉር ማን ሞቶ እንደ ተሠራ የማይጠይቅ ናፍቆት ከሚሥቀው ተመልካች ብዙም አይሻልም። በጎ በጎውን ብቻ እየመረጥን «ባህላችን» የምንል ከሆነ የእኛም ሹሩባ ክር ነው።

ጠጉሩ ቀልድ እንዳልሆነ ጠላት ሳያውቅ አልቀረም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጡ ከሞተ በኋላ በናፒዬር የተመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ፣ ከመጻሕፍቱና ከንዋየ ቅድሳቱ ሌላ ከሬሣው ላይ ጠጉር ተቆርጦ ተወሰደ። ከዚያ ውስጥ ሁለት ቁራጭ፣ ንጉሡን በሬሣው ላይ በሣለው ሰው ዘመዶች እጅ ቆይቶ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1959 ለለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተሰጠ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው፤ የታሰበውም ከአጽሙ ጋር እንዲያርፍ ነበር። መቶ ሃምሳ ዓመት የቆየች አንዲት ቁራጭ ጠጉር ሚኒስትር ሄዶ ይቀበላታል፤ ጋዜጣው ይጽፋል፤ እኛም ደስ ይለናል። ታዲያ ይኸው ሕዝብ፣ ይኸው አዳራሽ፣ ጠጉሩ ሕያው ራስ ላይ ሲያየው ለምን ይሥቃል? የሞተውን ጠጉር በክብር ተቀብሎ የበቀለውን «ተቆረጥ» ማለት ከየት መጣ?

መልሱ ከፊሉ መስታወታችን ውስጥ ነው። በዘፈኑም በልብ ወለዱም ቆንጆዋ ዞማ ናት፤ ጠጉሯ ሉጫ ነው፤ ከርዳዳ ግን ስድብ ነው። ተራማጅ ነኝ የሚለው ደራሲ ሳይቀር፣ ስለ ጭቁኖች ሦስት ገጽ ጽፎ ፍቅረኛይቱን ሲያመጣ፣ ጠጉሯን እስከ ወገቧ ካላወረደው አይሆንለትም! በ1960ዎቹ የነበሩ ተማሪዎችን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ያንን ትልልቅ አፍሮ ያስታውሳል። የአሜሪካ ጥቁሮች ጠጉራቸውን በእሳትና በኬሚካል ማቅናት ትተው እንደ ተፈጥሮው ሲያሳድጉት፣ የኩራት ምልክት ሆኖ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ መጣ። አያቶቻችን ጎፈሬ ይሉት የነበረውን እኛ በውጭ ስም ተቀበልነው፤ በፊደላችን ሲጻፍ ደግሞ «አፍሮ» ማለት የሆነ ነገር ያሳፈረው ሰው ማለትም ይሆናል። ቀልዱ የእኛ አይደለም፤ የፊደሉ ነው።

የሆነ ሆኖ የዚያን ጊዜው አፍሮ አንድ ነገር ያስተምረናል። ማንም ሰው አልገደለበትም፤ ግን ይነበብ ነበር። ስለዚህ የጓደኛችን ሹሩባ የግድ የቴዎድሮስን ትርጉም መሸከም የለበትም። እኅቱ ናት የሠራችው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው፤ «ስትጎነጉነኝ እናታችንን ትመስላለች» ብሎናል። ይህም አንድ ንባብ ነው፤ ለእኛ ከፉከራው ይበልጥብናል።

የቴአትር ጓዶቻችን ትርኢቱን በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት እንደገና ሊያሳዩ አስበዋል ተብሏል። የምንጠይቃቸው ትንሽ ነው። ክሩን ይጣሉት። ተዋናዩ ጠጉሩን አሳድጎ ይሠራ፤ ካልሆነም ባለው ጠጉር ይውጣና ንግግሩ ይሸከመው። ከተቻለ ደግሞ ከጦርነቱ በፊት በነበረችው ሌሊት፣ ያ ረጅም ጸሎት ባለበት ቦታ፣ አንዲት ሴት ንጉሡን ሹሩባ ስትሠራው ይታይ፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ይቆዩ፤ ተመልካቹ እጇን ይይ። ያን ጊዜ የሚሥቅ ይኑር አይኑር እናያለን።

ሚናውን ለጓደኛችን እንዲሰጡት ሐሳብ ያቀረበ ሰው ነበር። እሱ ግን ገና እሺ አላለም፤ መሥሪያ ቤቱ እስከ ሰኞ ቀጠሮ ሰጥቶታል።